ክር የቦረቦራት ጥርስ

ጥቅምት 7 ቀን

ይድረስ ለድምቢጤ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግኳት።

የምትረግጪው ወለል አያንሸራትትሽ፤ የምትገፊው በር አይቆለፍብሽ፤ ካጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ክፉ አይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ ነው፤ «ደህና ነኝ ግን» ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ይህን የምትጽፍልኝ እንደ ወትሮው ጎረቤቴ ስልከኛዋ ናት። ከስልክ ቤት ጡረታ ከወጣች አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም የሰው በር አንኳኩታ «ሃሎ» ነው የምትለው። እኔ የተናገርኩትን እንጂ የራሷን እንዳትጨምር አስምያታለሁ። ለምን አይደውሉም ብለሽኝ ነበር። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ የያዝኩት ነገር ሁሉ ይበተንብኛል። «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?» እያልኩ ስጮህ ይዘጋል። ደብዳቤ ይሻለኛል። እንደ ልብስ ተለክቶ፣ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ካላማረም ይፈታል።

ሥራ አለ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ይዣለሁ፣ ሃያ ሁለት ሱሪ። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ። የሒሳብ አስተማሪውን ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቼ ሰጠሁት። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሊለብስ ሲል መግቢያ አጣ። ይዞት መጣና፣ «ጋሼ፣ እኔ እስከማውቀው አንድና አንድ ሁለት ነው» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐሳብ ይዞኝ ነው እንጂ እንቅልፍ አይደለም።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የስፌት መኪና መርፌ፣ ቁጥር አስራ ስድስት፣ አንድ ፓኬት ላኪልኝ። እዚህ ያለው ይሰበራል። ሌላ ምንም አያምረኝም። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀትሽ ሲያልቅልሽ ትመጫለሽ፤ አላጣድፍሽም።

አጎትሽ፣ ልብስ ሰፊው

ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። አንብቤለት «በይ አሽጊው» ብሎ ሄዷል። መሐላዬን እግዜር ይቅር ይበለኝ። መርፌው በራሱ አይደለም የሚሰበረው። ሰውየው መኪናው ላይ ያንቀላፋል። ባለፈው ወር መርፌው ሌባ ጣቱን ከነጥፍሩ በስቶት እዚያው ውስጥ ተሰብሮ ሐኪም ነው ያወጣለት። በእኔና በእሱ መኝታ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ሲያንኮራፋ ወፍጮ ቤት ነው፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው። እቆጥራለሁ። ሃያ፣ ሠላሳ። ከዚያ አንገቱን የለቀቁት ሰው ይመስል በኃይል ይተነፍሳል። አንድ ቀን ቆጠራዬ ማብቂያ እንዳያጣ እፈራለሁ።

ስልከኛዋ


ጥቅምት 29 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጀርባዎ ያልደከመ፣ ዓይንዎ ያልፈዘዘ፣ መኪናዎም ዘይት ያላጣ ይሁን። ለሚያነቡልዎት ለእማማ ስልከኛም ጤና ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ የአስተማሪው ሱሪ አላሳቀኝም። ለሰው ሁሉ «ጥርስ ትሠራለች» ብለው እንደሚያወሩልኝ ሰምቻለሁ። አሁን የምሠራው ግን ጥርስ አይደለም። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው፤ ላዩ ላይ ጄሶ፣ ሰም፣ ትንንሽ ሞረዶች፣ አቧራ የሚመጥ ቱቦ አለ። የሰው መንጋጋ በጄሶ ተቀርጾ በሣጥን ይመጣልኛል፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። በዚያ ላይ ከጠንካራ ፕላስቲክ ሁለት ልባስ እሠራለሁ፣ አንድ ለላይኛው ጥርስ፣ አንድ ለታችኛው። ሁለቱ ተያይዘው የታችኛውን መንጋጋ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ይስቡታል። ሰው ሲተኛ አፉ ውስጥ አድርጎት ያድራል።

ለምን እንደሚጠቅም በእርስዎ ሙያ ልንገርዎ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ ይላላል፣ ምላሱም ወደ ኋላ ይወድቃል። የእጅጌ ገበር ሲላላ እጅ አላስገባ እንደሚለው፣ ትንፋሽም መንገድ ያጣል። ማንኮራፋት ማለት ትንፋሹ በጠባቡ ታግሎ ሲያልፍ ነው። ጭራሽ ሲዘጋ ደግሞ ዝም ይላል። ያኔ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፣ ሰውየው ግን መንቃቱን አያውቅም። ሌሊቱን መቶ ጊዜ ነቅቶ አድሮ ጠዋት «ጥሩ ተኛሁ» ይላል፤ ቀን ሲሆን የሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ይሰፋል። ልብንም ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ያመጣል። ቀልድ አይደለም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። እናትና አባቴ አልፈው ቤትዎ ስገባ አልጋዬ ከእርስዎና ከእትዬ አልጋ የሚለየው በአንድ ስስ ጣውላ ነበር። የእርስዎን ማንኮራፋት እየሰማሁ ነበር የምተኛው። ሲቋረጥ እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ከዚያ ከወዲያ «እህ!» የሚል ድምፅ ይመጣና ይቀጥላል፤ ያኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። ምን እንደሚያስቀጥለው አላውቅም ነበር። እዚህ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ እስከ ዛሬ ጸጥታው አላስተኛ ይለኛል።

ከመርፌው ጋር ሣጥን ልኬልዎታለሁ። ውስጡ ሊጥ የሚመስል ነገር አለ፣ ነጭና ሰማያዊ። እኩል አድርገው ያሹትና ማንኪያ በመሰለችው ላይ ጠቅጥቀው ይንከሱት፤ አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ለላይም ለታችም። ደንቡ አስቀድሞ ሐኪም አይቶዎት እንቅልፍዎ መለካት ነበረበት። ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ ቸኩያለሁ።

ስለ ወረቀቴ፣ ገና ነው።

ድምቢጥዎ


ጥር 11 ቀን

ይድረስ ለድምቢጤ።

እጅሽ አይዛል፣ ዳቦሽ አይጉደል። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። መርፌው ደርሷል፤ ደህና መርፌ ነው።

ስለ ጉሮሮ ገበር የጻፍሽውን ሰማሁ። ሃምሳ ዓመት ገበር አስገብቻለሁ፤ የእኔ ገበር አይላላም። አባቴም ያንኮራፋ ነበር፣ ደህና አድርጎም ኖሯል። ያ «እህ» ያልሽው ምን እንደሆነ ግን እንኳን ጠየቅሽኝ። እትዬሽ ናት፣ ነፍሷን ይማረው! ያቺ ሴት አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በክርኗ ጎኔን ስትደልቀኝ ኖረች። እንቅልፌን ለጥ ብዬ ባለሁበት፣ ድው! «ምን አድርጌሽ ነው?» እላታለሁ። «ዙር» ትለኛለች፣ ሌላ መልስ የላትም። ጠዋት ሸሚዜን ሳወልቅ ጎኔ ጠቁሮ ይገኛል። ሌሊት እኔን ስትደበድብ አድራ ቀን ትተኛለች። ድንች እየላጠች ትተኛለች፣ ሰው እያዋራት ትተኛለች። መንደሩ ሁሉ «እንቅልፎ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣሁላትም እኔ ነኝ።

ሣጥኑን ልኬልሻለሁ። ተነክሷል፤ አምስት ደቂቃውም ሞልቷል። በደንብ አድርገሽ ሥሪው፣ የችኮላ ሥራ አልወድም። የጠረጴዛሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከነሞረዱ። ስልከኛዋ እንዴት ያለ እንደሆነ ትነግረኛለች እያልሽ እንዳትተይው፣ እኔም ዓይን አለኝ።

ወረቀትሽስ እንዴት ሆነ? አላጣድፍሽም።

አጎትሽ


የካቲት 2 ቀን

ጋሼ፣

እግዜር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ እርስዎ የሚጠብቁት አይመስልምና።

ሣጥኑን ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ንክሻው ላይ ጄሶ ሞላሁበት፤ ሲደርቅ ፈልቅቄ አወጣሁትና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ይህ የእርስዎ አፍ አይደለም።

ልጅ ሆኜ መኪናዎ ሥር ቁጭ ብዬ የወደቀ አዝራር ስለቅም፣ ቀና ስል የማየው ጥርስዎን ነበር። ክር በመቀስ ቆርጠው አያውቁም። ከፊት ጥርስዎ፣ ከላይም ከታችም፣ ክር የቦረቦራት አንዲት ቦታ ነበረች፤ ክሩን እዚያች ላይ ያስገቡና ቀጭ! ይህ ጄሶ ላይ እሷ የለችም። ጥርሶቹ ትንንሽ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። በቀኝ በኩል ክራንቻው ወደ ውጭ ዞር ብሏል። ይህን ክራንቻ አውቀዋለሁ። በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ ሲስቅ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እማማ ስልከኛ፣ ይህን እያነበቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዘለው እንዳያልፉት።

አለቃዬ እጄ ላይ አየው። «የማን ነው?» አለኝ። «የአባቴ ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም» አልኩት። «ሐኪም ያላየውን ሰው ልክ መውሰድ ማን አስተማረሽ?» ብሎ ሰው ፊት ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። ቸኩዬ እኔም አጥፍቻለሁ።

ጋሼ፣ ስለ እትዬ ያጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እየደበደበችዎት አልነበረም። ትንፋሽዎ ሲቆም እየሰማች ነው። በክርኗ ስትነካዎት ይነቁና ትንፋሽዎ ይመለሳል፤ ያ «እህ» የእርስዎ ትንፋሽ ነበር። «ዙር» የምትልዎትም በጎን ሲተኙ ጉሮሮ ስለሚከፈት ነው፤ ማንም ሳያስተምራት ደርሳበት ነበር። እኔ ከጣውላው ወዲያ ሆኜ የምጠብቀውን እሷ ከጎንዎ ሆና ትጠብቀው ነበር። እዚህ እኛ በስንት መሣሪያ የምንሠራውን ሥራ አርባ ሁለት ዓመት በክርኗ ሠራችው። ቀን ቀን የምትተኛው ለዚህ ነው።

አሁን ከጎንዎ ማንም የለም። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ድምቢጥ


የካቲት 26 ቀን

ልጄ፣

ይህ ከእሱ አይደለም፤ እሱ መጻፌንም አያውቅም። በጥርሴ ይዘሽኛል፤ ክራንቻዬን አላማም። ሣጥኑን ይዞ መጣና «ነክሺልኝ» አለኝ። «ለምን የራስህን አትነክስም?» ብለው «ነክሺ ብያለሁ!» አለኝ። እኔም ሰባ ዓመት ሞልቶኝ አንድም ጥርስ አልጎደለብኝምና ኩራቱ አሸነፈኝ መሰለኝ። ይቅር በይኝ። ምክንያቱን እሱ ይንገርሽ።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ስለ ክርኑ ያለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «ድገሚው» አለኝ። ከዚያ መቀሱን አነሳ፣ ምንም ሳይቆርጥ መልሶ አስቀመጠና ቤቱ ገባ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ ከመኪናው ላይ ሸራውን አላነሳም። ሌሊት ዝም ሲል ግድግዳውን በቡጢ እመታለታለሁ። አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ክርኔ ግድግዳ አያልፍ።

ስልከኛዋ


መጋቢት 9 ቀን

ድምቢጤ፣

የወለዱሽ ነፍሳቸው በሰላም ይረፍ፤ ብልህ አድርገው ወልደውሻል።

አፌ ባዶ ነው። የላይኛው ጥርሴ አንድ አልቀረም። እትዬሽ በሞተች በዓመቱ አንዱ ተነቃነቀ፣ ሌላው ተከተለው፤ ሐኪሙ የድድ በሽታ ነው ብሎ ለቀማቸው። ከታች ስምንት አሉ። ክር የቦረቦራትም አለች፤ ከላይ አቻዋ የለችም እንጂ። አሁን ክር የምቆርጠው በመቀስ ነው፣ ትናንት ሙያ እንደጀመረ ሰው።

ለምን ዋሹኝ ትያለሽ። አንቺ የምታውቂው ክር የሚበጥስ ሰውዬ ነው፤ እሱን እንድታጪው አልፈለግኩም። ደግሞ ጥርስ የለኝም ብልሽ ሥራው ይቀራል፣ ሣጥኑም ተመልሶ አይመጣም። መድኃኒት ሆነ አልሆነ ግድ አልነበረኝም። እጅሽ የሠራው ነገር ቤቴ እንዲገባ ነበር የፈለግኩት። ራስጌዬ ላስቀምጠው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ላክሽ፣ ኮት ላክሽ፣ ሁሉም የሱቅ። ለልብስ ሰፊ የሱቅ ልብስ ይላካል?

ስለ እትዬሽ። ስልከኛዋ፣ ይህን ቀስ ብለሽ ጻፊ።

እንቅልፎ ያልኳት እኔ ነኝ። ሰው ፊት እስቅባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አንተን ስጠብቅ አድሬ ነው» አላለችም። ለምንድነው ያላለችው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተኝታ፣ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። አጠገቧ ያለችው ታማሚ ኋላ እንደነገረችኝ አንኮራፍቼ ዝም አልኩ። ስነቃ ይህቺ ሴት፣ ዓይኗን መግለጥ ያቃታት ሴት፣ ክርኗን በብርድ ልብሱ ሥር ስታንቀሳቅስ አየሁ። አልደረሰችብኝም፣ ወንበሩ ርቆ ነበር። «እዚህም ልትደበድቢኝ ነው?» ብዬ ሳቅሁባት።

ሰሞኑን ጎኔን ስዳብስ ከረምኩ። የጠቆረው ድኗል። ሦስት ዓመት ሆኖት እንዴት አይድን! ባይድን ይሻለኝ ነበር።

በይ፣ የምትይኝን አደርጋለሁ። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ወረቀትሽንም አልጠይቅሽም።

አጎትሽ


መጋቢት 28 ቀን

ጋሼ፣

ያሉበት ቤት ሙቀት አይጣ። ጥርስ ባይኖርዎትም የማውቀው ሰውዬ እርስዎ ነዎት።

ለምን አልተናገረችም ላሉኝ፣ መማሬ አይጠቅመኝም። የሚመስለኝን ልንገርዎ። ብትናገር እርስዎ «እንግዲያው ተኚ» ብለው ሌላ ክፍል ሄደው ይተኙ ነበር። ፈርታ ነው።

አሁን የእኔን ይስሙ። ወረቀቴ ካለቀ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል። «ገና ነው» እያልኩ የጻፍኩት ውሸት ነው። እርስዎ የሰው ጥርስ ላኩልኝ፣ እኔም የሌለ ምክንያት። እትዬ ስትሞት መምጣት ያልቻልኩት በእውነት ወረቀት አጥቼ ነበር። ኋላ ግን በሩን ከፍቼ ወንበሯን ባዶ ማየት ፈራሁ። እኔ እስካልመጣሁ ድረስ ድንቿን ጭኗ ላይ ይዛ ወንበሯ ላይ የተኛች ይመስለኛል።

ሐኪም ዘንድ ይሂዱና እንቅልፍዎን ይለኩ፤ አሁን በደንቡ። ላይኛው ድድ ባዶ ሲሆን መንጋጋ የሚስበው ዓይነት መያዣ ያጣል። ሌላ ዓይነት አለ። ለስላሳ ነው፤ ከከንፈርና ከድድ መካከል ይቀመጥና ምላስን መጥጦ ወደ ፊት ይይዘዋል። የጡጦ ጫፍ ይመስላል። እንዳይቆጡ! ሐኪሙ ከፈቀደ እኔው እሠራዋለሁ። እስከዚያው በሸሚዝ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍተው ትንሽ ኳስ ይክተቱበት፤ በጀርባዎ እንዳይተኙ ትከለክልዎታለች።

ድምቢጥዎ


ሚያዝያ 25 ቀን

ድምቢጤ፣

ስለ ወረቀቱ ስልከኛዋ ስታነብ እኔ ቀድሜ አውቀው ነበር። በስንት ዓመት ያላለቀ ወረቀት የት አለ? የጠየቅሁሽ እንድትነግሪኝ አልነበረም፤ እንዳልረሳሁሽ እንድታውቂ ነበር።

ሆስፒታል አደርኩ። የወሰደችኝ ስልከኛዋ ናት። ነርሷ «ባለቤትዎ ናቸው?» ብትላት «አይ፣ ግድግዳው ነኝ» አለቻት። ራሴ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ እግሬ ላይ ሽቦ ለጣጠፉብኝ። «የድሮ የስልክ ማዞሪያዬን መሰልክ፣ አንድ ቦታ ላገናኝህ?» እያለች ስትስቅብኝ አመሸች።

ሐኪሙ በሰዓት ሃያ ስድስት ጊዜ ትንፋሽዎ ይቆማል አለኝ። ረጅሙ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። በዚያ ጊዜ እኔ አንድ እጅጌ እዘጋለሁ። የሒሳብ አስተማሪው ለሱሪው ሲመጣ ነገርኩት። «ሰባት ሰዓት ቢተኙ በሌሊት መቶ ሰማንያ ሁለት ነው» አለኝ። «በአርባ ሁለት ዓመትስ?» አልኩት። ወረቀት አውጥቶ ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፊቴን አየና እርሳሱን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይህ ሒሳብ ይቅርብዎት» አለኝ።

አየር የሚነፋ ማሽን ከነጭምብሉ አሳዩኝ፤ ለብዙ ሰው የሚበጀው እሱ ነው አሉ። ሁለት ሌሊት ሞከርኩት፤ ጆንያ ውስጥ የገባሁ መሰለኝና መለስኩት። «እንግዲያው የልጅዎን ዓይነት ይሞክሩ፣ በሦስት ወር መልሰን እንለካዎታለን» አለኝ ሐኪሙ። በስተርጅና ጡጦ ልታጠቢኝ ነው? ይሁን። የጥርስ ሐኪሙ ልኬን ወስዷል፤ በዚሁ ሣጥን ውስጥ አለ። የእኔው ነው። ስልከኛዋ ምስክር ቆማለች።

ኳሷን ሰፍቻታለሁ። በጀርባዬ ልተኛ ስል ትወጋኛለች። ክርን ትመስላለች። ትንሽ።

አጎትሽ


ግንቦት 18 ቀን

ጋሼ፣

ዛሬ ያጠረ ደብዳቤ ልጻፍልዎት፤ እግዜር ዕድሜዎን ግን አያሳጥረው።

ጄሶው ደርሷል። ላይኛው ለስላሳ ድድ ነው። ከታች ስምንት ጥርስ፣ ከመካከላቸው እሷ። ከካፖርቴ ጫፍ ክር መዘዝኩና አስገባሁባት። ልክ ገባች። ክሩን ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አለቃዬ መጣና «ምን ሠርቶ ነው ጥርሱ እንዲህ የሆነው?» አለኝ። «ክር በጥሶ ነው ያሳደገኝ» አልኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጠርዙን ስሞርድ እሱ መብራቱን ያዘልኝ።

ሥራው አልቋል፣ ከዚህ ጋር አለ። የሱቅ አይደለም። በውሃ ያርጥቡት፣ አፍዎ ውስጥ ያድርጉት፣ በጣትዎ ጨመቅ አድርገው ምላስዎን ያስገቡና ይልቀቁት፤ ራሱ ይይዘዋል። መጀመሪያ ቀን ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይልመዱት። ምራቅ ይበዛብዎታል፣ ምላስዎም ይዝላል፤ ይለቃል። ካልለቀቀ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ እንዳይኮሩበት።

ነሐሴ 3 ቀን እመጣለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ቲኬትም ገዝቻለሁ። ወንበሯን እንዳያነሱት።

ድምቢጥዎ


ሰኔ 30 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለድምቢጤ።

የሚያመጣሽ መንገድ ጠመዝማዛው ይቃናልሽ።

ዕቃሽን አየሁት። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ዞርኩት፤ የሚቧጥጥ የለበትም። ጥሩ እጅ አለሽ። ይህን ለማንም ተለማማጅ ብዬ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ተይው። ትራሱ ወንዝ ሆነ፣ ምላሴ የጫማ ሶል ሆነች። በአስረኛው ቀን ግን ለጥ ብዬ ተኛሁ። ስልከኛዋ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ብትለጥፍ ወፍጮ የለም፣ ዝምታውም አያልቅም። መቶ ድረስ ቆጠረች። ከዚያ «ሃሎ! ሃሎ!» እያለች በሩን ትደበድብ ጀመር። እኔ ምላሴ ታስሮ «እእእ» ነው የምለው። እሷ የሞት ጣር መሰላት፤ ጎረቤታችንን አናጺ ቀስቅሳ በሩን ነቀሉት። ገብተው ቢያዩኝ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጡጦዬን ጎርሻለሁ። አናጺው እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፣ ሳቁ እንዳያመልጠው። በሩን መልሶ ገጥሞታል፤ ስትመጪ ግን ትንሽ ገፋ አድርጊው፣ ታች ላይ ይይዛል።

ሃያ ሁለቱ ሱሪዎች ሁሉም ሁለት ሁለት እግር አላቸው። ሐኪሙ ነሐሴ ላይ መልሶ ይለካኛል፤ አንቺ ትወስጂኛለሽ።

አልጋሽ ከጣውላው ወዲያ እንደነበረ ነው። ወንበሯም እንዳለች ናት። ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ለአንቺ ስል አንድ ሌሊት ዕቃውን አውጥቼ አንኮራፋልሻለሁ፤ ለሐኪሙ እንዳትነግሪ።

ትናንት ከመተኛቴ በፊት በግድግዳው በኩል ወዳለው የእትዬሽ ቦታ ዞርኩ። ዕቃው አፌ ከገባ በኋላ መናገር ስለማልችል አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ትራሷን አስተካከልኩና፣ «በይ እንቅልፎ» አልኳት፣ «እኔ ደህና ነኝ። አሁን አንቺ ተኚ።»

አጎትሽ፣ ልብስ ሰፊው